የተቋረጠ የቢሮ ኔትወርክ በሴኮንዶች የሚመለስበት አሠራር

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዕለት ተዕለት ሥራ በኮምፒዩተር ኔትወርክ ላይ እየተመሠረተ በመጣ ቁጥር የአንድ ኬብል መበጠስ የሚያስከትለው መስተጓጎልም በዚያው ልክ ከፍ ብሏል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገደማ የተጀመረው ወረዳ ኔት የፌዴራልና የክልል መሥሪያ ቤቶችን ከወረዳዎች ጋር በቪዲዮ ኮንፈረንስና በኢንተርኔት የማገናኘት ዓላማ ይዞ የተነሣ እንደነበር ይታወሳል።

የጌዴኦ ዞን መዲና የሆነችው ዲላ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም ከተመሠረተ ወዲህ ከክልሉ የአስተዳደር ማዕከላት አንዷ ናት። የክልሉ ማዕከላት በተለያዩ ከተሞች የሚገኙ በመሆናቸው በመካከላቸው ያለው የሥራ ግንኙነት አስተማማኝ ኔትወርክን ይጠይቃል። በዲላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚሰጠው የመውጫ ፈተና የአንድ ደቂቃ መቋረጥ እንኳ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያመለክታል።

በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት ስዊች በተባለው መሣሪያ አማካይነት ነው። አንድ መስመር ቢበጠስ ሌላው እንዲተካው በስዊቾች መካከል ተለዋጭ ኬብል መዘርጋት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ጊዜ ክፍት ከሆኑ መልእክቶች ሳያቋርጡ በዙሪያው ይሽከረከራሉ። በኤተርኔት መልእክት ላይ የዕድሜ ገደብ ስለሌለ ሽክርክሪቱ በራሱ አይቆምም፤ በአጭር ጊዜም መላውን ኔትወርክ ያጨናንቃል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያበጁት አሜሪካዊቷ የኮምፒዩተር ባለሙያ ራዲያ ፐርልማን ሲሆኑ፣ ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ውስጥ ሲሠሩ ነድፈውታል። ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ በ1990 802.1ዲ በሚል መለያ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ወጥቷል። በዚህ አሠራር ስዊቾች ከመካከላቸው አንዱን ዋና ወይም ሥር አድርገው ይመርጣሉ፤ ወደ እርሱ የሚያደርሰውን የተሻለ መንገድ ክፍት አድርገው ትርፉን ዘግተው በተጠባባቂነት ያቆዩታል።

የቀድሞው ፕሮቶኮል ድክመት አዝጋሚነቱ ነው። መስመር ሲቋረጥ የቆየው መረጃ እስኪያረጅ እስከ 20 ሴኮንድ ይጠብቃል። ከዚያም ተጠባባቂው መስመር 15 ሴኮንድ በማዳመጥ፣ 15 ሴኮንድ ደግሞ አድራሻ በመማር ያሳልፋል። በድምሩ ከ30 እስከ 50 ሴኮንድ ሥራ ይቆማል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ በ2001 802.1ደብሊው በሚል መለያ የወጣው ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ ይህን ጊዜ በእጅጉ አሳጥሯል። ለዚህም ያበቁት ዋና ዋና ለውጦች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ስዊች ተለዋጭ መንገዱን አስቀድሞ ለይቶ ስለሚይዝ ዋናው መስመር ሲበጠስ ወዲያውኑ ይተካዋል። ሁለተኛ፣ ጎረቤታሞች ስዊቾች የሰዓት ቆጣሪ ከመጠበቅ ይልቅ በሐሳብ ማቅረብና በመስማማት መስመሩን ይከፍታሉ። ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተር ብቻ የተሰካባቸውና በዚሁ መልክ የተመዘገቡ የዳር ፖርቶች ሳይጠብቁ ሥራ ይጀምራሉ። በዚህ መንገድ አዲሱ መስመር ብዙ ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይከፈታል። ኬብሉ ሳይበጠስ መልእክት ብቻ ሲቋረጥ ደግሞ በየ2 ሴኮንዱ የሚላከው መልእክት በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከቀረ፣ ማለትም በ6 ሴኮንድ ውስጥ ጎረቤቱ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ይህ ፍጥነት የሚገኘው ቅድመ ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። ፈጣኑ ስምምነት የሚሠራው ሁለት ስዊቾችን በቀጥታ በሚያገናኝና በአንድ ጊዜ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ነው። በመካከል አሮጌ ስዊች ከገባ ከእርሱ ጋር የተገናኘው ፖርት ወደ ቀድሞው ፕሮቶኮል ይመለሳል፤ ፍጥነቱም ይቀራል። ዋናው ስዊችም በአጋጣሚ ሊመረጥ አይገባም። የሁሉም ቅድሚያ መለያ ከፋብሪካ በወጣበት 32768 ላይ ከተተወ አነስተኛ የመሣሪያ አድራሻ ያለው ስዊች፣ ምናልባትም አሮጌው፣ ዋና ይሆናል። ስለሆነም በማዕከል ያለው ስዊች ቁጥር ከሌሎቹ ዝቅ ተደርጎ መመዝገብ አለበት።

ፕሮቶኮሉ የሚያድነው የግቢውን የውስጥ ኔትወርክ ብቻ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ከዲላ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄደው መስመር ሲበጠስ ወይም መብራት ጠፍቶ ስዊቾች ሲዘጉ መፍትሔው ሌላ ነው፤ ተለዋጭ የረጅም ርቀት መስመርና የኃይል መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ሁለቱ የግቢ ኬብሎች በአንድ ቦይ ከተቀበሩም አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ሊቆርጣቸው ይችላል።

በመሆኑም የኔትወርክ ዕቃ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ፈጣኑን ፕሮቶኮል በጨረታ ሰነድ ላይ በግልጽ ማስፈር፣ በርክክብ ወቅትም ከሥራ ሰዓት ውጪ አንድ ኬብል ነቅሎ ኔትወርኩ በስንት ሴኮንድ እንደሚመለስ መለካት ይጠበቅባቸዋል። ተለዋጭ መስመር መኖሩ የሚረጋገጠው ዋናው ሲነቀል ነውና።