በጎንደር ቤትና ቦታ መግዛት፤ ከመጽሐፍ ኅዳግ እስከ መዝገብ ቤት

በሰው ኑሮ ከሚፈጸሙት ውሎች ሁሉ ቤትን እንደ መግዛት ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እህል የገዛ ቢታለል ጉዳቱ የአንድ ክረምት ነው፤ በሬ የገዛ ቢታለል የአንድ የእርሻ ወራት ነው፤ ቤት የገዛ ቢታለል ግን ነገሩ እስከ ልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ የጎንደር ሰዎች በቀድሞው ዘመን ለዚህ ጉዳይ ምን ዓይነት ሥርዓት እንደ ነበራቸው መመርመር፣ ያለፈውን ከማወቅ አልፎ ዛሬ ቤት ለሚገዛም ይጠቅማል።

ጎንደር በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ1628 ዓ.ም. ገደማ፣ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ተቆረቆረች። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በግቢውና በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ መንደሮች ተመሠረቱ፤ ቤት የሚሻ ሰውም አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሰፈሩ ነበር። እጨጌ ቤት የተማጸነ ሰው የማይነካበት ሰፈር በመሆኑ፣ በዘመነ መሳፍንት ሁከት ሕይወቱንና ንብረቱን ማዳን የፈለገ ሁሉ ይጠጋበት ነበር። አዲስ ዓለም ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1660 ዓ.ም. ባደረጉት ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲቀመጡ ከተወሰነ በኋላ የነጋዴዎች መንደር ሆነ። እንግዲህ ሰፈርን መምረጥ ለሁሉ እኩል የተፈቀደ መብት አልነበረም፤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል በአብዛኛው ከርስት ባለመብትነት ውጭ ሆነው ይኖሩ ነበር።

በገጠሩ፣ በወገራም ሆነ በስሜን ደጋ፣ መሬት በርስት ይያዝ ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ወገን የሚወረድ የዘር መብት በመሆኑ፣ አንድ ሰው ብቻውን ቆርጦ ለዘለዓለም ሊሸጠው አይችልም ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አነጋገር ለገዢ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ዛሬ በዝምታ ያለፈ ዘመድ ነገ የአባቴ ነው ብሎ ሊነሣ ይችላልና። ቤቱ ራሱ፣ ማለትም ምሰሶው፣ ማገሩና ክዳኑ፣ የሠራው ሰው ሀብት ሲሆን፣ የቆመበት መሬት ግን የዘር ነበር።

በከተማውና በዙሪያው ሌላ ዓይነት ይዞታ ነበር፤ ይኸውም ሪም ይባላል። ሪም ለደብር አገልግሎት የተሰጠ መሬት ሲሆን፣ ባለ ሪሙ ሊሸጠው ይችል ነበር፤ ይሁን እንጂ የአገልግሎቱ ግዴታ ከመሬቱ ጋር ወደ ገዢው ይተላለፋል። በመሆኑም ገዢው የቦታውን ስፋትና ዋጋ ብቻ ሳይሆን ቦታው የተሸከመውን ግዴታ ጭምር መጠየቅ ነበረበት። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቁስቋምና ሌሎችም ደብሮች በርካታ እንዲህ ያሉ የሽያጭ ጽሑፎች ነበሯቸው።

ውሉ የሚጻፈው ለብቻው በተቆረጠ ብራና ላይ ሳይሆን፣ በደብሩ ወንጌል ወይም በሌላ ትልቅ መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር። ጽሑፉ የዘመኑን ወንጌላዊና የሹማምንቱን ስም ያወሳል፤ ከዚያም ሻጩን፣ ገዢውንና ዋጋውን ይጠቅሳል፤ በመጨረሻም የእማኞቹንና የዋሶቹን ስም ይዘረዝራል። ዋጋው በወርቅ ወቄት፣ በአሞሌ ወይም በጠገራ ብር ይነገር ነበር። በእነዚህ ጽሑፎች ሴቶች በሻጭነትም በገዢነትም በብዛት መገኘታቸው ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው፤ የቤጌምድር ሴት በራሷ ስም ንብረት ትይዝ፣ ስለ ንብረቷም ትሟገት ነበር።

የስሞቹ መብዛት ያለ ምክንያት አይደለም። ከውሉ በኋላ ክርክር ቢነሣ ዳኛው የሚጠይቀው እነዚያን ሰዎች ነውና፣ ገዢው በከፈለው ገንዘብ መሬቱን ብቻ ሳይሆን ስለ እርሱ የሚመሰክር ማኅበር ጭምር ያገኝ ነበር። መጽሐፉም በደብሩ ስለሚጠበቅ ማንም በስውር ሊፍቀው አይደፍርም።

ይሁን እንጂ መጽሐፎቹም መከራ አላመለጡም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን በዘረፉና በ1859 ዓ.ም. ባቃጠሉ ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ሎንዶን ተጓዙ። ዛሬም በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ከተማዋን እንደገና አቃጠሉ። እንግዲህ ብዙ ቤቶች ሲጠፉ የቦታ ሽያጮቹ ጽሑፍ በባሕር ማዶ ተረፈ፤ ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚም የጎንደርን የመሬት ሥርዓት ያጠናው በአብዛኛው ከእነዚህ የኅዳግ ጽሑፎች ነው።

ስለ ቤቶቹ አሠራር ደግሞ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ አብዛኞቹ የጭቃ ግድግዳና እንደ ሾጣጣ ቆብ ያለ የሣር ክዳን እንደ ነበራቸው ጽፏል። ክዳኑ እንዲህ የተሠራው የክረምቱ ዝናብ ሳይተኛበት እንዲወርድ ነው። ስለዚህ ቤት ገዝቶ የሚገባ ሰው ከክረምት በፊት ክዳኑን ማደስ፣ ውኃው የሚሄድበትን ቦይ መጥረግና የምሰሶውን እግር ከምስጥ መመርመር ይገባው ነበር። ይህም ሥራ በደቦ ሲሠራ፣ አዲሱ ገቢ ጎረቤቶቹን የሚያውቀው፣ እነርሱም የቤቱን ባለቤት የሚያውቁት በዚያው ቀን ነው።

በኋላ ሕጉ ተለወጠ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ አዘዘ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደነገገ፤ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራውን ቤት ግን የግል ሀብቱ አድርጎ እንዲሸጠው ፈቀደ። የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ለደጋው ገበሬ ጨርሶ እንግዳ አልነበረም፤ ልዩነቱ ቀድሞ የዘር የነበረው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ ነው።

የቀድሞው ገዢ ይጠይቃቸው የነበሩት ጥያቄዎች ግን አሁንም አላረጁም። ሻጩ ማን ነው? ከእርሱ ጋር መብት ያለው ማን ነው? የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ሊሸጥ አይችልም፤ ወራሾች ያሉበትም ቤት የሁሉንም ፈቃድ ይሻል። ቦታው ምን ግዴታ አለበት? የሪሙ አገልግሎት ቢቀርም ዛሬ የባንክ መያዣ፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ አለ፤ እነዚህ ከመዝገቡ ሳይጣሩ ቀብድ መስጠት አይገባም። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እማኞቹስ እነማን ናቸው? ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ምስክሮችን ነው፤ ብልህ ገዢ ግን ቤቱንና ሻጩን ለብዙ ዘመን የሚያውቁ ጎረቤቶችን ይመርጣል።

መዝገብ ሊቃጠል፣ መጽሐፍም ባሕር ሊሻገር እንደሚችል ጎንደር አይታለች። ሆኖም በመዝገብ የጸናውንና ጎረቤት የሚያውቀውን ቤት የገዛ ሰው፣ አንዱ ቢጎድል በሌላው ይጠበቃል።