8,000 ፓውንድ እንዴት 32,000 ሆነ?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በስልካችሁ ለጓደኛችሁ 200 ብር ስትልኩ ከእናንተ ሂሳብ 200 የሚቀንሰው፣ በእሱ ሂሳብ ላይ ደግሞ 200 የሚደምረው ማነው? ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው የለም። አንድ መዝገብ ሲቀየር ሌላው በራሱ እንዲቀየር አስቀድሞ የታዘዘ ሲስተም ነው ሥራውን የሚሠራው።

ዛሬ እንዲህ ዓይነት ትዕዛዝ ለመስጠት ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። ቢሮዎች ሥራቸውን በሚያስኬዱባቸው ሶፍትዌሮች ላይ ሦስት ነገር መሙላት ይበቃል፦ ምን ሲሆን፣ ምን ከተሟላ፣ የትኛው መዝገብ እንዴት ይቀየር። ለምሳሌ «አንድ ትዕዛዝ 'ተከፍሏል' ተብሎ ሲመዘገብ፣ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ካለ፣ የመጋዘኑን ቁጥር በአንድ ቀንስ»። አለቀ። ቀላል ይመስላል አይደል? የእነዚህ ሦስት መስመሮች ታሪክ ግን በአውሮፕላን ወንበር ይጀምርና ሰዎች እስር ቤት እስከ መግባት ይደርሳል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በጠረጴዛ ዙሪያ ስምንት ሰው

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካን ኤርላይንስ ሠራተኞች የበረራ ቦታ የሚይዙት በካርድ ነበር። ካርዶቹ የሚሽከረከር መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዙሪያውን ደግሞ ስምንት ያህል ሠራተኞች ይቀመጣሉ። አንድ ሰው ትኬት ሲጠይቅ የበረራው ካርድ ይፈለጋል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ይመለሳል። የአንድ መንገደኛ ጉዳይ እስኪያልቅ 90 ደቂቃ ያህል ሊፈጅ ይችል ነበር። ሥራው ሲበዛ ሰው እንቀጥር ቢባል እንኳ መደርደሪያውን ከብቦ የሚቀመጠው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው።

አየር መንገዱ ከአይቢኤም ጋር ሆኖ ሴበር የተባለውን ሲስተም ሠራ። ሁለት አይቢኤም 7090 ኮምፒውተሮች ኒውዮርክ አቅራቢያ ተተከሉ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ነው ሁለት የሆኑት። በ1964 ሲስተሙ የአየር መንገዱን ቦታ የመያዝ ሥራ ሙሉ በሙሉ ተረከበ። ከሩቅ ከተማ ያለ ሠራተኛ ቁልፍ ሲጫን የወንበሩ ቁጥር ወዲያው ይቀየራል።

እዚህ ጋ ግን አንድ አዲስ ችግር አለ። አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል እንበል። ሁለት ሠራተኞች በተመሳሳይ ሰዓት አዩት፤ ሁለቱም «አለ» ብለው ሸጡት። በካርድ ጊዜ ይህ ብዙም አያሰጋም፤ ካርዱ አንድ ስለሆነ በአንድ ጊዜ አንድ እጅ ላይ ብቻ ነው ያለው። ኮምፒውተር ውስጥ ግን አንድን መዝገብ ብዙ ሰው በአንዴ ሊያነበው ይችላል።

ይህን የመሰለውን ችግር በሥርዓት ካጠኑት መካከል የአይቢኤሙ ተመራማሪ ጂም ግሬይ አንዱ ነበር። ሐሳቡ ትራንዛክሽን ይባላል። አንድ ላይ መሆን ያለባቸው ለውጦች ወይ ሁሉም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዱም አይፈጸምም። ከእናንተ ሂሳብ 200 ብር ተቀንሶ ጓደኛችሁ ጋ ሳይደርስ መብራት ቢጠፋ፣ ሲስተሙ ሲነሳ ያን ቅንሳሽ ይሰርዘዋል። ግሬይ በ1998 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ያገኘው በዚህና በመሰል ሥራዎቹ ነው። «ይህ መዝገብ ሲነካ ያኛውን ቀይር» የሚለው ደንብም ትሪገር በሚል ስም በ1999 የዳታቤዝ ቋንቋው መስፈርት ውስጥ ገባ።

አራት ጊዜ የተጫነ ቁልፍ

በዚያው በ1999 የብሪታንያ ፖስታ ቤት ሆራይዘን የተባለ ሲስተም በቅርንጫፎቹ መዘርጋት ጀመረ። ኋላ ላይ ሲስተሙ የሚታወቀው በፉጂትሱ ስም ነው። ብዙዎቹን ቅርንጫፎች የሚያስተዳድሩት የፖስታ ቤቱ ተቀጣሪዎች ሳይሆኑ በውል የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ጎን ለጎን የሰፈር ሱቅ አላቸው። ሲስተሙ «ካዝናህ ውስጥ ይህን ያህል ብር መኖር አለበት» ይላል። የተቆጠረው ብር ካነሰ ፖስታ ቤቱ ልዩነቱን ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ይጠይቃቸው ነበር።

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። በ2015 ስኮትላንድ ውስጥ ዳልሜሊንግተን በተባለች ቦታ 8,000 ፓውንድ ከዋናው ቅርንጫፍ ወደ ንዑስ አገልግሎት ተላከ። ገንዘቡ የደረሰበትን ለመመዝገብ ሠራተኛዋ አስገባ የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። ስክሪኑ አልተለወጠም። ደግማ ተጫነች። እናንተስ ብትሆኑ አትጫኑም? ሲስተሙ ግን እያንዳንዱን ጫና እንደ አዲስ ገንዘብ ቆጠረው። አራት ጊዜ 8,000፣ 32,000 ማለት ነው። መዝገቡ ላይ 24,000 ፓውንድ የሌለ ገንዘብ ተፈጠረ።

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው እዚህ ጋ የጎደለውን ቶሎ ያያል። እያንዳንዱ የገንዘብ ቦርሳ የራሱ ባርኮድ ነበረው። «ይህ ባርኮድ ከዚህ በፊት ገብቷል ወይ?» የሚል አንድ ማጣሪያ ቢኖር ሁለተኛው ጫና ምንም ባላመጣ ነበር። ጥሩ ደንብ አንዴም ታዘዘ አራት ጊዜ ውጤቱ ያው ነው። የአሳንሰር ቁልፍ ደጋግማችሁ ብትጫኑ አራት አሳንሰር አይመጣም፤ እንደዚያ ማለት ነው።

የዳልሜሊንግተኑ ስህተት ታውቆ ተስተካከለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ግን በሆራይዘን ቁጥር መነሻነት ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበር ወይም ሂሳብ በማዛባት ተከሰው ጥፋተኛ ተብለዋል። የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን የሸጡ አሉ። «እኔ አልወሰድኩም» ሲሉ መልሱ «ሲስተሙ ጎድሏል ይላል» ነበር። ሕጉም አልረዳቸውም። እንግሊዝ ውስጥ ቀደም ሲል የኮምፒውተር ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን ኮምፒውተሩ በትክክል ይሠራ እንደነበር ማሳየት ነበረበት። ያ ድንጋጌ በ1999 በወጣ ሕግ ተሻረ፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ትክክል ነው ተብሎ ይገመታል፣ ተቃራኒውን የማሳየት ሸክም በተከሳሹ ላይ ይወድቃል። ተከሳሹ ደግሞ የሲስተሙን ውስጥ የሚያይበት መንገድ የለውም።

አላን ቤትስ የተባሉ የዌልስ ቅርንጫፍ ኃላፊ ጉድለቱን አልቀበልም ብለው ሲከራከሩ ቆይተው በ2003 ውላቸው ተቋረጠ። ሰውየው ግን አልተዉትም። መሰሎቻቸውን አሰባስበው 555 ሆነው ከሰሱ። በታኅሣሥ 2019 ዳኛው ሲስተሙ በቅርንጫፎች ሂሳብ ላይ ስህተት መፍጠር የሚችሉ ብልሽቶች እንደነበሩበት ወሰኑ። ሌላም ነገር ተረጋገጠ፦ የፉጂትሱ ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው የቅርንጫፍ መዝገብ መቀየር ይችሉ ነበር፤ የቅርንጫፉ ኃላፊ ግን ይህን ላያውቅ ይችላል። ፖስታ ቤቱ ይህን ለዓመታት ሲክድ ነው የኖረው። በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት በአንድ ቀን የ39 ሰዎችን ፍርድ ሻረ፤ በ2024 ደግሞ ፓርላማው በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍርዶችን በአንድ ሕግ ሰረዘ።

እናንተ ደንቡን ስትጽፉ

ነገ ከመካከላችሁ አንዳችሁ በምትሠሩበት ቢሮ እንዲህ ዓይነት ደንብ ትሞላላችሁ። የተማሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ክምችት ወይም የደመወዝ ቅጣት ሊሆን ይችላል። ሦስቱን መስመሮች መሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «አብራ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ግን አራት ነገር ሞክሩ።

አንደኛ፣ አንድ የሙከራ መዝገብ ፍጠሩና ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ እዘዙ፤ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ተቀየረ? ሁለተኛ፣ መሃል ላይ ኔትወርኩን አቋርጡና ግማሹ ተለውጦ ግማሹ እንዳልቀረ እዩ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ለውጥ መቼ፣ በማን ወይም በየትኛው ደንብ እንደተደረገ የሚያሳይ ታሪክ ይቀመጣል ወይ? የቀድሞው ቁጥርስ አብሮ አለ? አራተኛ፣ ያንን ታሪክ ቁጥሩ የሚመለከተው ሰው ራሱ ሊያየው ይችላል ወይ? «ይህ ስህተት ነው» ቢልስ ማን ጋ ይሄዳል?

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ኢንጂነሮች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲሠሩባቸው ኖረዋል፤ መፍትሔያቸውም በአብዛኛው ይታወቃል። የፖስታ ቤቱ ሰዎች ሃያ ዓመት ያህል የተንገላቱት ግን በዋናነት በአራተኛው ነው። እሱን ደግሞ ሶፍትዌሩ ራሱ አይጠይቃችሁም፤ የሚሞላ ሳጥንም የለውም።