ባለ አንድ ዓይን ጠላት እና የፎገራ በሬ

በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ያሉ አብያተ ክርስቲያናትን ሥዕሎች ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ትላልቅ ዓይኖቹ ያፈጥብናል። ክፉው ግን በጎኑ ነው የሚሳለው፤ የሚታየውም አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ወዳጅና ጠላትን በአንድ አፍታ እንዲለይ የተበጀ ዘዴ ነው። የዛሬ የቪዲዮ ጌም ሠሪዎች እንቅልፍ የሚያጡበትን ጥያቄ (ተጫዋቹ ጠላቱን በሰከንድ ውስጥ በምን ይለየው?) የእኛ ሰዓሊዎች መብራት ሳይመጣ፣ ቴሌቪዥን ሳይታሰብ መልሰውት ነበር።

አዎ፣ ዛሬ ልናወራ ያሰብነው ስለ ጌም ነው። አትሳቁ! ጌም ቤት ገብቶ ፕሌይስቴሽን ላይ ኳስ ከመጫወት ያለፈ ታሪክ አለው። ታሪኩም ዞሮ ዞሮ ወረታ ይደርሳል፤ እንዴት እንደሚደርስ ቀስ ብለን እናያለን።

መጀመሪያ ወደ አውስትራሊያ እንሻገር። በአደሌድ ከተማ አሪ ጊብሰንና ዊሊያም ፔለን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ቲም ቼሪ የሚል ስም ይዘው ጌም መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢንተርኔት ገንዘብ አዋጡልን ብለው 35 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ጠየቁ፤ ያገኙት ከ57 ሺህ በለጠ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 የወጣው ሥራቸው ሆሎው ናይት ይባላል። ጀግናው አንዲት ቃል የማይተነፍስ ሚጢጢ ነፍሳት ነው፤ ሰይፉ ምስማር ነው። ሀገሩ ከመሬት በታች የፈረሰ የነፍሳት መንግሥት ሲሆን ጥንዚዛው፣ ትንኙ፣ ሸረሪቱ ሁሉ በእጅ የተሳለ ነው። ውጊያው ደግሞ ምሕረት አያውቅም። ከሞትክ የያዝከው ገንዘብ እዚያው ይቀራል፤ ተመልሰህ የራስህን ጥላ ተዋግተህ ነው የምታስመልሰው። ተከታዩ ሲልክሶንግ እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 2025 ሲወጣ የገዢው ብዛት ትልልቆቹን የኢንተርኔት መደብሮች ለሰዓታት አንገዳግዷቸዋል። የዚህኛዋ ጀግና ሸረሪት ቢጤ ናት፤ መሣሪያዋም መርፌና ክር ነው።

ሥዕል ደግሞ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። በዚያው በ2017 የወጣውን ከፕሄድ የተባለውን ጌም የሠሩት ካናዳውያን ወንድማማቾች እያንዳንዷን እንቅስቃሴ እንደ ጥንቱ ካርቱን በእርሳስና በወረቀት ነው ያሳሉት። አንድ ሰከንድ እንቅስቃሴ እስከ 24 ሥዕል ይበላል። ሥራውን ለመጨረስ ቤታቸውን አስይዘው ተበድረዋል። ታዲያ ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚል ካለ፣ ካሜሩን ላይ ኪሮኦ ጌምስ የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦሪዮን የተባለውን በእጅ የተሳለ የውጊያ ጌም ያወጣው ያውንዴ ላይ ሆኖ፣ መብራት ሲጠፋ እየጠበቀ፣ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። መብራት መጥፋቱን እኛም እናውቀዋለን፤ የቀረን ጌሙ ነው።

*   *   *

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እንስሳ ጀግና የሚሆንበት ታሪክ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነው እንዴ? በፍጹም!

አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ያለ አንበሶቻቸውና ያለ ነብሮቻቸው የሳለ ሰዓሊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትውፊቱ 60 አንበሳና 60 ነብር ይላል፤ ሰዓሊው ቦታ ሲያጥረው ሁለት ሁለት ይስላል እንጂ አይተዋቸውም። አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ አናት ላይ የወጡት በዘንዶ ነው። አባ ሳሙኤል ዘዋልድባ የሚጋልቡት አንበሳ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ያለ ነጭ ፈረሱ አይታሰብም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ዘንዶ በአንዱ ሥዕል በጦር የሚወጋ ጠላት ነው፤ በሌላው ሥዕል ጻድቅ ተሸክሞ ገደል የሚያወጣ ረዳት ነው። አንዱ አውሬ በሁለት ታሪክ ሁለት ሥራ አለው። ይህን ያዙልን፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ቤተ መንግሥት ብንገባም እንስሳው ይከተለናል። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኛቸው የፈረስ ስማቸው ነው። ጦር ሜዳ ላይ ንጉሥ በፈረሱ ስም ሲጠራ ጀግናው ማነው? ሰውዬው ወይስ ፈረሱ?

ጨዋታም ነበረን። ከወረታ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የምትገኘው ደብረ ታቦር የራስ አሊ መቀመጫ በነበረች ጊዜ፣ እዚያ ይመላለስ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ ሰንጠረዥ ጽፏል፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 የሰንጠረዥን ታሪክ ሰብስቦ ጽፎታል። የእኛ ሰንጠረዥ ከፈረንጁ ቼዝ የሚለየው በጅማሬው ነው። ወረራ በሚባለው ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። በሰሌዳው ላይ ፈረስ አለ፤ ፊል የተባለ ዝሆን አለ። በጠንካሮቹ ጠጠሮች ንጉሥ መግደል እንደ ጥበብ የለሽ ድል ይቆጠር ነበር፤ የሚያስመሰግነው በደካሞቹ ማሸነፍ ነው። እንግዲህ ፍጥነት የሚጠይቅ፣ እንስሳ የሚዋጋበት፣ አሸናፊውንም በአሸናፊነቱ ውበት የሚመዝን ጨዋታ ነበረን ማለት ነው። ጌም ይህ ካልሆነ ምንድነው?

ዘመናዊ ቲያትራችንም የጀመረው በአውሬዎች ነው። ከ100 ዓመት በፊት ገደማ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው መጥተው የጻፉት የአውሬዎች ኮሜዲያ የላፎንቴንን ተረቶች ይዞ የመኳንንቱን ብልሹ አሠራር የሚሸነቁጥ ነበር። መልእክቱ ለገባቸው ስለገባቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አውሬ ሲናገር ሹም ይደነግጣል!

በእኛ ዕድሜ ደግሞ ፀሐይ የምትባለው ቀጭኔ መጣች። ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 መሠረቱ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማት አገኘች። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ የዳዊት አብርሃም ቅኔ ጌምስ ኩኩሉን አወጣ፤ ከገበሬ እጅ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ በእጅ ስልክ ላይ። ስሙ ራሱ የዶሮ ጩኸትና የልጅነት ድብብቆሽ ነው፤ የሰማው ሁሉ ፈገግ ይላል። ኩኩሉ በእጅ የተሳለ አይደለም፤ ዶሮዋም አትዋጋም፣ ትሸሻለች። ቢሆንም ከአንበሳና ከፈረስ እስከ ዶሮ ያለው መስመር አልተበጠሰም።

*   *   *

ታዲያ ወረታ የት ገባች? ወረታን የማያውቃት መንገደኛ ጥቂት ነው። ከባሕር ዳር የመጣው መንገድ እዚያ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ። ከመንገዱ ባሻገር እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ፎገራ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ከአፋቸው ሞልተው ሲፈሱ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። የ1998ቱ የነሐሴ ጎርፍ ስንቱን ቤት እንዳፈናቀለ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ወላላና ሸሸር የሚባሉ ረግረጎች ይቀራሉ። ወደዚያ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ከአውሮፓ ድረስ በርረው ይመጣሉ፤ ራሳቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፉት የአፍሪካ ዘመዶቻቸውም እዚያው ናቸው።

የሜዳው ጀግና ግን የፎገራ ከብት ነው። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ገላው ግዙፍ፣ ሻኛው አነስ ያለ። ላሚቱ ከብዙዎቹ የሀገራችን ላሞች የተሻለ ትታለባለች። ሌላው ከብት እግሩ በሚበሰብስበት ረግረግ ቆሞ ይግጣል፤ ዝንቡንና ትንኙን ይችላል። ክረምት ሜዳው ሲጥለቀለቅ ወደ ከፍታው ይነዳል፤ ውኃው ሲጎድል ይመለሳል። እስኪ እንደ ጌም ሠሪ አስቡት፦ በየወቅቱ ካርታው የሚለወጥ ሀገር፣ ሌላው የማይችለውን መሬት የሚችል ጀግና፣ ዘውድ ያላቸው ወፎች። አውስትራሊያውያኑ ፈልስፈው የደከሙበትን እኛ በር ላይ አግኝተነዋል።

ችግሩ ጀግናው እየተመናመነ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን ወደ ሜዳው አመጡ፤ ጅግናና ሻጋ በሚባሉት የገበሬ ማኅበራት ተሞከረ። ሩዝ እንደ ፎገራ ከብት ሁሉ ውኃ ውስጥ መቆም ይወዳል። ሌላ እህል የሚሰጥመው መሬት ላይ በቀለ፤ ከጤፍ ተደባልቆ እንጀራ ሆነ፤ ጎተራ ሞላ፤ ገበያ ፈጠረ። ዛሬ የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ፎገራ ነው። ሩዙ የተዘራው ግን ባዶ መሬት ላይ አልነበረም፤ የከብቱ ግጦሽ ላይ ነው። ግጦሹ ሲጠብ መንጋው ቀነሰ፤ ከደጋ ከብት ጋር እየተዳቀለ ደሙም ቀጠነ። ወላላና ሸሸርም ውኃቸው ለመስኖ እየተሳበ፣ ዳራቸው እየታረሰ ጠበቡ። አንዳሳ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያውን ለማቆየት ይሠራል፤ የጣና ዙሪያም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጠና ሆኗል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የፎገራን በሬ የአዲስ አበባ ልጅ ቀርቶ የባሕር ዳር ልጅ ሥዕሉን ቢያይ ይለየዋል? አንለየውም። አንበሳን ግን እንለየዋለን፤ አብዛኞቻችን በዱር አይተነው ሳይሆን ስለተሳለልን ነው።

እዚህ ላይ ያ ባለ አንድ ዓይን ሥርዓት ያስቸግረናል። በዚህ ታሪክ ውስጥ በጎኑ የሚሳለው ማነው? ሩዙ? ሩዝ እኮ ልጅ አስተምሯል፣ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ገበሬው? ገበሬው መሬቱ የሰጠውን ተቀበለ እንጂ ምን አጠፋ? ጭዱንም መልሶ ለዚያው ለከብቱ ያበላል። ጎርፉም ያው ነው፤ ቤት ያፈርሳል፣ መሬት ያለመልማል። በአንዱ ሥዕል ጠላት፣ በሌላው ረዳት የሆነውን ዘንዶ ያዙልን ያልነው ለዚህ ነው። የፎገራ ውጊያ ሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ዓይን ያለው ውጊያ ነው።

ሆሎው ናይትንም ትልቅ ያደረገው ይኸው ይመስለናል። የምትዋጋቸው ነፍሳት ክፉ ሆነው አልተፈጠሩም፤ በሽታ የለከፋቸው የዚያው ሀገር ዜጎች ናቸው። ስታሸንፍ ደስ ይልሃል፤ ወዲያው ደግሞ ታዝናለህ። ጌም እንደዚያ ማሰብ ከቻለ፣ «ከብቱ ይቅር ወይስ ሩዙ ይቅር?» ከሚለው ክርክር የተሻለ ጥያቄ ለልጆቻችን ማቅረብ ይችላል፦ ሁለቱም በአንድ ሜዳ እንዲቆሙ ምን ታደርጋለህ? ይህ ከየትኛውም ፍልሚያ ይከብዳል።

ማን ይሥራው? ታሪኩ መልሱን ነግሮናል። የጣናን ግድግዳ ያሳለው ንግሥት ሲኖር ንግሥት፣ ሳይኖር ምእመን እያዋጣ ነው። አደሌዶቹም ያውንዴዎቹም በመዋጮ ነው የሠሩት። በመዋጮ ደግሞ የሚያስተምረን የለም፤ ዕድርና ዕቁብ የኛ ነው። ኮምፒውተሩና ፕሮግራሙ በኋላ ይደርሳል። የመጀመሪያው ዕቃ እርሳስና ደብተር ነው፤ ይህ ወረታም አለ። ወረታ ላይ፣ ደብረ ታቦር ላይ፣ ደብተሩ ጀርባ ላይ ተዋጊ የሚስል ልጅ በየክፍሉ አይጠፋም። ያ ልጅ ቤት ድረስ በማያውቀው ሀገር የተሳለ ጀግና ከሚገለብጥ፣ አባቱ የሚያግደውን በሬ፣ ረግረጉ ላይ የቆመውን ወፍ ይሳል። መምህራን ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ይህን ያሥሩልን። ተመራማሪዎች ደግሞ ከብቱን ለሌላ ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ለልጆችም ያሳዩልን።

በሬው ሜዳውን ሳይለቅ ይሳል። የተሳለ ነገር ወዳጅ ያገኛል፤ ወዳጅ ያለው ደግሞ ቶሎ አይጠፋም።