የጡንቻ መርገብገብና የሰው ስጋት፤ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

የዓይን ቆብ፥ የባት ወይም የክንድ ሥጋ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ጥቂት ተርገብግቦ ዝም ማለቱ በሰው ሁሉ ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ነገሩ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ የታሪክ ጥናት ይገባዋል የሚል ሰው ብዙ አይገኝም። ይሁን እንጂ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይህን እንቅስቃሴ እንደ ጽሑፍ ሲያነቡት፥ ፍቺ ሲሰጡትና ስለ እርሱም ሲጨነቁ ኖረዋል። እኛም በዚህ ጥናት ለማሳየት የምንሞክረው፥ መርገብገቡ ራሱ በዘመናት ሳይለወጥ የተለወጠው የሚነበብበት መጽሐፍ መሆኑን ነው፤ ስጋቱም ከመጽሐፉ ጋር አብሮ መልኩን ለውጧል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. መርገብገብ እንደ ትንቢት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ባለቅኔ ቴዎክሪጦስ፥ በአንዱ የእረኞች ግጥሙ ውስጥ ቀኝ ዓይኑ ስለ ተርገበገበ ብቻ ወዳጁን ለማየት ተስፋ የሚያደርግ ሰው ያሳየናል። በሜላምፑስ ስም የሚጠራው የግሪክ መጽሐፍ ደግሞ የሰውነትን ክፍሎች በተራ እየዘረዘረ የእያንዳንዱን መርገብገብ ይፈታል። በእንግሊዝ አገር፥ በማንቸስተር ከተማ፥ በጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ በ4ኛው መቶ ዓመተ ምሕረት የተጻፈ ፓፒሩስም ይህንኑ ዓይነት ዝርዝር ይዟል። በእነዚህ ጽሑፎች የአንዱ እንቅስቃሴ ፍቺ እንደ ሰውየው ኑሮ ይለያያል፤ ለባሪያ አንድ፥ ለድንግል ሌላ፥ ለመበለት ደግሞ ሌላ ነው። በዐረብኛና በኦቶማን ቱርክኛም ይህን የመሰሉ መጻሕፍት ተጽፈዋል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ጥንቆላው ከንቱ ቢሆንም፥ ፍቺው በአብዛኛው ስለ ሀብት፥ ስለ ጕዞ፥ ስለ ሐዘንና ስለ ደስታ ነበር እንጂ ስለ ሰውነት መበላሸት አልነበረም። ክፉ ነገር በተነገረም ጊዜ ለየትኛው አምላክ ልመና እንደሚቀርብ ይነገር ስለ ነበር፥ የፈራው ሰው የሚያደርገው ነገር አያጣም ነበር።

በዚያው ዓለም ውስጥ ሌላ መንገድ የያዙም ነበሩ። በ2ኛው መቶ ዓመተ ምሕረት የነበረው ሐኪም ጋሌን ስለ መንቀጥቀጥ፥ ስለ መርገብገብ፥ ስለ ጡንቻ መኰማተርና ስለ ብርድ ብርድ ማለት አንድ ድርሰት ጽፎ፥ እነዚህ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንና ምክንያታቸውም በሰውነት ውስጥ መፈለግ እንደሚገባው አስተምሯል።

፪. መርገብገብ እንደ በሽታ ምልክት

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በፓሪስ በሳልፔትሪየር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዣን ማርቲን ሻርኮ፥ ከ1869 ጀምሮ የሟቾችን አከርካሪ እየመረመረ፥ ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበትን ከባድ በሽታ ለይቶ አሳወቀ፤ በ1874 ደግሞ ስም አወጣለት። በዚህ በሽታ ጡንቻው እየከሳና እየደከመ ሲሄድ ይርገበገባል። ስለዚህ ያ ትንሽ እንቅስቃሴ በሐኪሞች መጽሐፍ ውስጥ ከሞት ጋር ጐን ለጐን ተጻፈ። በ1939 ሉ ጌሪግ የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋች በዚህ በሽታ መያዙ ሲታወቅና በ1941 ሲሞት፥ የበሽታው ወሬ ከሐኪሞች ወጥቶ ወደ ሕዝብ ደረሰ።

ዳሩ ግን ሳይንሱ በዚህ አላቆመም። በ1895 ፍሪድሪክ ሹልትሰ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም አንድ ዓይነት የጡንቻ መርገብገብን ለብቻው ለይቶ ስም ሰጠው። በ1938 ዴኒ ብራውንና ፔኒቤከር የአንዲት የጡንቻ ክር መንቀጥቀጥ አንድ ነርቭ የሚያዝዛቸው ክሮች በአንድነት ከሚርገበገቡበት እንቅስቃሴ የተለየ መሆኑን አስረዱ። ይኸው ዴኒ ብራውን በ1948 ከፎሊ ጋር ሆኖ፥ ጕዳት የሌለውን መርገብገብ ከበሽታው መርገብገብ ለየ። በመጨረሻም በ1993 በታተመ የአሜሪካ የሜዮ ክሊኒክ ጥናት፥ ጕዳት የለሽ መርገብገብ ነው የተባሉ 121 ሰዎች ከ2 እስከ 32 ዓመት ካለፈ በኋላ ሲጠየቁ፥ ያን ክፉ በሽታ ያገኘው አንድም ሰው አልተገኘም።

እንግዲህ ነገሩ ሲጠቃለል፥ መርገብገብ ብቻውን የበሽታ ማስረጃ አይሆንም። ድካም፥ እንቅልፍ ማጣት፥ ብዙ ቡና፥ ከባድ ሥራና ጭንቀት ራሱ ሊያመጡት ይችላሉ። ሐኪሙ የሚፈልገው ምልክት የጡንቻ መድከምንና መክሳትን፥ የአነጋገር መተሳሰርን ወይም የመዋጥ ችግርን ነው። እነዚህ ያሉበት ሰው ሳይዘገይ መመርመር አለበት።

፫. የስጋቱ ታሪክ

ይህን ያህል ማስረጃ እያለ ስጋቱ ለምን አልጠፋም? መልሱን ለማግኘት የስጋቱን የራሱን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። ግሪኮች ከጐድን አጥንት በታች ያለውን የሆድ ክፍል ሂፖኮንድሪያ ይሉት ነበር፤ የሐዘንና የሥጋት ምንጭ እዚያ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ስሙ ወደ በሽታው ተላለፈ። በእንግሊዝ ጸሐፊው ጄምስ ቦስዌል ከ1777 እስከ 1783 በአንድ የለንደን መጽሔት ላይ በዚሁ ስም 70 መጣጥፎችን አውጥቷል። በ2013 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የቀድሞውን ስም ትቶ የሕመም ስጋት የሚል ስም ለራሱ መድቦለታል።

በተለይ እኛን ተማሪዎችን የሚመለከተው ክፍል የሚከተለው ነው። በ1908 ጆርጅ ሊንከን ዋልተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፥ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩት በሽታ ያደረባቸው እየመሰላቸው ወደ መምህሮቻቸው እንደሚመጡ ጻፈ። በ1966 በታተመ ጥናትም ከተጠየቁት የሕክምና ተማሪዎች ከመቶ 79 የሚያህሉት እንዲህ ያለ ስሜት ደርሶባቸው ተገኝቷል። ዳሩ ግን በ1998 ሃውስና ሳልኮቭስኪስ የሕክምና ተማሪዎችን ከሌሎች ጋር አስተያይተው፥ ስጋታቸው ከሌላው የበለጠ አለመሆኑን አሳዩ። ስለዚህ ጥፋቱ የዕውቀት ብዛት ነው ማለት አይቻልም። እኛ እንደሚመስለን፥ ጥፋቱ አንድ ገጽ አንብቦ ቀጣዩን ገጽ ሳያነቡ መቅረት ነው።

ነገሩም የሚያስቅ አይደለም። በ2023 በስዊድን አገር የወጣ ጥናት፥ ይህ ከባድ የሕመም ስጋት አለባቸው ተብለው የተመዘገቡ 4,129 ሰዎችን ከእኩዮቻቸው ጋር አስተያይቶ፥ እነዚህ ሰዎች በአማካይ 5 ዓመት ያህል ቀድመው መሞታቸውን አሳይቷል። በበሽታም፥ በገዛ እጃቸውም የሞቱት ብዙ ነበሩ። በሽታ የለብህም ተብሎ በሳቅ የሚሸኘው ሰው በእውነት የታመመ ሰው ነው ማለት ነው።

፬. ስለ መፍትሔው

ሳልኮቭስኪስና ዋርዊክ በ1986 አንድ ጠቃሚ ነገር አስገነዘቡ። የሚሰጋው ሰው ሰውነቱን ደጋግሞ መመልከቱና «ደኅና ነህ» እንዲባል ደጋግሞ መጠየቁ ለጥቂት ሰዓት ያሳርፈዋል፤ በኋላ ግን ስጋቱን ይመግበዋል። እግሩን ሲጠባበቅ የዋለ ሰው እግሩ ሲርገበገብ ያገኘዋል። ከዚህ የመነጨው ሕክምና በሽተኛው ይህን የጥበቃ ልማድ ቀስ በቀስ እንዲተውና ለስሜቱ ሌላ ምክንያት እንዲፈልግ ያስተምረዋል። በእንግሊዝ አገር በ444 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራም ይህ ሕክምና ስጋቱን ከተለመደው እንክብካቤ ይልቅ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው፥ ጥንቆላው ፍቺንና መጽናኛን አብሮ ይሰጥ ነበር፤ ግን ሁለቱም ሐሰት ነበሩ። የ19ኛው መቶ ዓመት ሕክምና እውነተኛ ፍቺ ሰጠ፤ ነገር ግን ለጤነኛው ሰው መጽናኛውን ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ዛሬ ሁለቱም እውነት ሆነው በእጃችን ይገኛሉ። የተማረ ሰው ፈንታ እንግዲህ አንድ ጊዜ በሚገባ መመርመር፥ የተነገረውን መቀበልና ወደ ሥራው መመለስ ነው። ጓደኛው በዚህ ስጋት ተይዞ ሲያገኘው ደግሞ አይሳቅበት፤ ይልቁንም ወደሚረዳው ሐኪም አብሮት ይሂድ።