አባ ጎራ

ስሙኝማ የአገሬ ልጆች! ከደብረ ብርሃን በአዲስ አበባ መንገድ ወርዳችሁ ጫጫ ስትደርሱ፣ አንጎለላ ሩቅ አይደለችም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የከተሙባት፣ ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት አገር ናት። ዛሬ የማወጋችሁ ግን የንጉሡን አይደለም፤ የፊታውራሪ ገበየሁን ነው፣ የአባ ጎራን!

ፊታውራሪ ከጦሩ ሁሉ ቀድሞ ይሄድ ነበር። ጥይትም ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነበር።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የጣሊያኑ ሻለቃ ቶዜሊ ከ2 ሺህ በላይ ወታደር ይዞ መሽጓል። ራስ መኰንን፣ በሰላም ይለቅ እንደሆነ ብለው መልእክት ያመላልሳሉ። ገበየሁ አላስቻለውም። ትእዛዝ ሳይጠብቅ ገጠመ፤ የቀረውም ጦር ተከተለው። ቶዜሊ ሞተ፣ አምባው ተያዘ። ድል ነው! ገበየሁ ግን ያለ ትእዛዝ ውጊያ በመክፈቱ ታሰረ ይላሉ አባቶች። እኔ በመታሰሩ አልከፋም፤ እያንዳንዱ አለቃ በገዛ ልቡ የሚተኩስበት ጦር ለዐድዋ ባልደረሰ ነበር። መፈታቱ ግን እሰየው ያሰኘኛል።

የካቲት 23፣ እሑድ ማለዳ፣ ዐድዋ ላይ። የጣሊያኑ ጄኔራል አልቤርቶኔ ከሌሎቹ ጄኔራሎች ተነጥሎ ወደ ፊት ዘልቋል፤ መድፉን ደርድሮ ያዘንበዋል። ቀድሞ የገጠመው ወገናችን ረገፈ፤ የቀረውም ማመንታት ያዘ። ያን ጊዜ ገበየሁ ጎራዴውን መዞ ወደ መድፉ ሮጠ ይላሉ። ሰዉ አየው፤ እየፎከረ ተከተለው። አልቤርቶኔ በዚያው ቀን ተማረከ፤ ገበየሁ ግን ይህን ሳያይ ወደቀ። የራስ ደስታ አባት፣ ፊታውራሪ ዳምጠውም የወደቁት እዚያው ዐድዋ ነው። በገበየሁ ማዕረግ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ተሾሙ፤ የጦር ሚኒስትር ከሆኑ በኋላም ሰው የሚጠራቸው ፊታውራሪ እያለ ነበር።

ገበየሁ ሳይሞት ተናዞ ነበር ይባላል። ከፊቱ ተመትቶ ከወደቀ አጽሙ አገሩ እንዲገባ፣ ጀርባውን ከተመታ ግን እዚያው እንዲቀር። አስከሬኑን ያነሡት ሰዎች ቁስሉን አዩ፤ ከፊት ነው! ቆይቶም አጽሙ ከትግራይ ተነሥቶ፣ ያን ሁሉ ተራራ አልፎ፣ አንጎለላ ኪዳነ ምሕረት ገባ።

ከኋላው የሮጡት ብዙዎቹ ዐድዋ ቀርተዋል። ቅድመ አያቱ ከዚያ ያልተመለሰ ከመካከላችሁ ካለ፣ ተራው የእሱ ነው፤ ይናገር።