ላይብረሪው የሚፈለገው መቼ ነው? ስኪምን ከ30 ዓመት በላይ ያከራከረ ጥያቄ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፤ በኢንተርፕሪተር ሰላም ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ ለምን «ይህን ስም አላውቀውም» ብሎ ይቆማል? መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው።

ስኪምን እ.ኤ.አ. በ1975 ኤም አይ ቲ ውስጥ የፈጠሩት ጄራልድ ሰስማንና ጋይ ስቲል ናቸው። ቋንቋው ትንሽ ሆኖ እንዲቀጥል ስለተፈለገ በ1998 የወጣው አምስተኛው ሪፖርት እንኳ 50 ገጽ ገደማ ነበር። የላይብረሪ ሥርዓት የለውም። ከሌላ ፋይል ኮድ የሚመጣው በ«ሎድ» ነው፤ እሱም የሚሠራው ፕሮግራሙ ሲሄድ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ኢንተርፕሪተር አጠገባችሁ እንደቆመ አስተርጓሚ ነው፤ መሃል ላይ መዝገበ ቃላት ብታቀብሉት ለቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ይጠቀምበታል። ኮምፓይለር ግን መጽሐፍ ተርጓሚ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ መዝገበ ቃላቱ ቢመጣ ምን ዋጋ አለው?

ተራ ፕሮሲጀር ፕሮግራሙ ሲሄድ ቢጫን ይበቃል። ማክሮ ግን ኮዱን ራሱን ስለሚቀይር ቀድሞ ኮምፓይለሩ እጅ መግባት አለበት። ካልገባ ኮምፓይለሩ እንደ ተራ ፕሮሲጀር ቆጥሮት ዝም ብሎ ያልፋል፤ ጣጣው የሚመጣው ፕሮግራሙ ሲሄድ ነው።

እያንዳንዱ ስኪም የራሱን መፍትሔ አበጀ። ፌሊክስ ቪንክልማን በ2000 ያወጣው ቺክን (አዎ፣ ዶሮ!) ኮዱን ወደ ሲ ይተረጉማል፣ ኢንተርፕሪተርም አለው። ተጨማሪ ላይብረሪዎቹ «እንቁላል» ይባላሉ። ማቲው ፍላት ደግሞ በ2002 ባሳተመው ጥናት ለኮምፓይል ጊዜና ለሩጫ ጊዜ የሚያስፈልገው ተለይቶ ይነገር አለ። የጥናቱ ርእስ ራሱ «መቼ ነው የምትፈልገው?» ብሎ ይጠይቃል።

በ2007 ስድስተኛው ሪፖርት ላይብረሪን መደበኛ አደረገ። ለማጽደቅ 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ያገኘው 65.7 ነው። ብዙዎች «ትንሿ ቋንቋችን ገዘፈች» ብለው ተቃወሙ። በ2013 የወጣው ሰባተኛው «ትንሹ» ሪፖርት መጠኑን ቢቀንስም ላይብረሪን ግን አልጣለም። ቺክንም በ2018፣ በ5ኛው እትሙ፣ የቀድሞውን «ዩዝ» ትቶ ሁሉን በ«ኢምፖርት» አደረገው።

እንግዲህ ልጆች፣ ላይብረሪ ስትጠሩ «አለኝ ወይ?» ብቻ አትበሉ። «መቼ ነው የሚያስፈልገኝ፣ ሲተረጎም ወይስ ሲሄድ?» በሉ። ፓይተንም ጻፋችሁ ሲ፣ ይቺ ጥያቄ ብዙ ሌሊት ታተርፍላችኋለች።