ቅሬ ያልደረሰበት በረዶ

እኛ ኢትዮጵያውያን በሰው አገር ብዙ ነገር ተክለናል። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ዕድሩ፣ የእንጀራ ንግዱ፣ ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከተማ እየቀያየረ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የእግር ኳስ ውድድር ሁሉም ጸንቷል። ሰማዩ ሲጠራ ከሲያትል የሚታየው፣ 4,392 ሜትር ከፍታ ያለውና ከ20 በላይ የበረዶ ግግር የተሸከመው የሬይኒየር ተራራ ግን ለአብዛኞቻችን እስካሁን ሥዕል ነው። ብርድ ስለምንፈራ ነው ይባላል። እኔ አይመስለኝም። በስደት ሥር የሚሰደው ማኅበር የያዘው ነገር ነው፤ በግግር ላይ የመጓዝና በበረዶ ላይ የማደር ሙያ ደግሞ እኛ ዘንድ የሚይዘው ማኅበር አላገኘም።

ሮቤል ተክለማርያምን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ገባ፤ ስኪ የለመደውም የ1932 እና የ1980 የክረምት ኦሎምፒክ በተካሄደባት በሌክ ፕላሲድ ነው። መንገዱም አሠልጣኙም ውድድሩም ደጁ ላይ ነበሩ። የኢትዮጵያን የስኪ ፌዴሬሽን አቋቁሞ በ2006 ቱሪን ላይ ለአገሩ የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ሆነ፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደገመው። በሶቺ፣ በፒዮንግቻንግና በቤጂንግ ግን ኢትዮጵያ አልነበረችም። ሙያው የአንድ ሰው ሆኖ ቀረ።

«ብርድ ከደማችን አይስማማም» ለሚሉ የባሌ ተራሮች መልስ አላቸው። በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ሰዎች 3,469 ሜትር ላይ ባለው በፊንጫ ሀበራ ዋሻ ይኖሩ ነበር። ከበላያቸው የበረዶ ግግር ነበር፤ እነሱ ፍልፈል እየጠበሱ፣ ከዋሻው በላይ ካለው ከፍታ ባልጩት እያመጡ ኖረዋል። የተገላቢጦሹ ስሕተት «የደጋ ልጅ መማር አያሻውም» የሚለው ነው። በወሎ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ የአምባሰልን ዳገት ሲወጣ ሲወርድ ያደገ እግሩ ጠንካራ መሆኑ አይካድም። ከፍታ የለመደ ሰውነት ግን ባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ሳምንታት ሲቆይ ልማዱን ይተዋል። ልብሳችንም እንዲሁ ይለያያል፦ ጋቢ ጥጥ ነውና ሲረጥብ ሙቀት አይዝም፤ የደጋው ባና የበግ ጠጉር ስለሆነ ረጥቦም ያሞቃል።

በግግር ላይ የሚደረግ የአንድ ሌሊት ሥልጠና የሚሰጠው ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ነው። ሦስት ወይም አራት ሰው በአንድ ገመድ ታስሮ፣ ገመዱ ሳይረግብ ተራርቆ ይሄዳል፤ የግግሩን ስንጥቅ በረዶ ሸፍኖት ሲረገጥ ሊናድ ይችላልና። አንዱ ሲገባ ሌሎቹ በደረታቸው ተደፍተው የበረዶ መጥረቢያቸውን ይተክላሉ፤ ከዚያ መያዣ ቀብረው፣ ሸክም እንዲቀል ገመዱን አጣጥፈው ይጎትቱታል። እጅ ካልለመደው በጭንቅ ሰዓት አይታወስም። ወሎዬ የገመዱን ሕግ ለመረዳት አይቸገርም፤ የወሎው ዕድር ቅሬም እንዲሁ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን መከራው ሳይደርስ በግዴታ ያስተሳስራል። ማደሩም ዘዴ አለው፦ በረዶውን ረግጦ ማጠንከር፣ ለነፋሱ መከታ መካብ፣ ካስማውን አግድም መቅበር፣ በረዶ ሲቀልጥ ድስቱ እንዳያር አስቀድሞ ጥቂት ውሃ መጨመር። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ምድጃ ማንደድ ክልክል ነው፤ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ይገድላል። ጀማሪ ልብስ ይደራርባል እንጂ ከሥሩ ያለው በረዶ ሙቀቱን እንደሚወስድበት አያስብም፤ ከብርድ ልብሱ ይልቅ ወፍራም ምንጣፍ ይቀድማል።

ጠንካራው ተቃውሞ የገንዘብና የጊዜ ነው። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ወላጅ ይህ ቅንጦት መሆኑን እቀበላለሁ። ሆኖም ዕቃው ይከራያል፤ ከ1906 ጀምሮ ሲያትል ያለው የማውንቴነርስ ማኅበርም በበጎ ፈቃደኞች ያስተምራል። «ሞትን ፍለጋ ለምን?» ለሚሉም፣ ግግር እንደሚገድል አልክድም፤ ልጆቻችን ግን ከጓደኞቻቸው ጋር መውጣታቸው አይቀርም፤ ሳይማሩ መውጣታቸው ነው የሚያሰጋው። ስለዚህ የየከተማው ማኅበረሰብ ማኅበራት ለእግር ኳስ ከሚመድቡት ጥቂቱን ቀንሰው፣ ወጣቶችን ለአንድ ሌሊት ብቁ አሠልጣኝ ዘንድ ይላኩ። እስከዚያው ማንም ያለ አስተማሪ ግግር ላይ አይውጣ።